ቅጠል ያዞረው ጭላዳ

ባለቤቴ ውድነሽ ከሞተች ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ነበር። ስንመለስ ልጃችን ወለላ የአክስቷን ልጆች አየቻቸው። የእናታቸውን ቀሚስ ግራና ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ። «እነሱ ብቻ ለምን እናት አላቸው?» አለችኝ። የውድነሽ አባት ለልጆቻቸው ይነግሩት የነበረ አንድ ተረት አለ። እሳቸው በሚነግሩበት አፍ ነገርኳት።

«ተረት ይዣለሁ፤ ላምጣው?»

«አምጣው፤ ጆሮዬ ደጁን ከፍቷል።»

በድሮ ጊዜ፣ ተራራ በተራራ ላይ በተቀመጠበት አንድ አገር፣ እንስሳት ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የጭላዳ ደረት እንደ ዛሬው የተራቆተ አልነበረም። ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ወርቅ የመሰለ ጎፈር ለብሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ይቀመጥና ጎፈሩን በጣቶቹ ያበጥራል። ሌላ እንስሳ ሲመሰገን ከሰማ ግን ማበጠሩን ይተዋል። ደረቱን ይመታና፣

«እኔ እያለሁ! ይህ ጎፈር እያለ!» ይላል።

አንድ ዓመት ጎርፍ መጣና እንስሳቱ የሚልሱትን ጨዋማ አፈር ጠራርጎ ወሰደው። ጨው ሲጠፋ የእናቶች ጡት ነጠፈ። ግልገሎች ከሱ። የአያ ጭላዳ ልጅ ሚጢጢም ከሳች፤ መዝለል ትታ እናቷ ጉያ መዋል ጀመረች። ጨው የሚገኘው ከተራሮቹ ማዶ፣ ከተማ ገበያ ውስጥ ነው። ነጋዴዎች አሞሌውን ሲሸርፉ ፍርፋሪው መሬት ላይ ይረግፋል አሉ። ክረምቱ ሊገባ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ክረምት ከገባ ወንዙ ይሞላል፤ ወንዙ ከሞላ መንገድ የለም።

እንስሳቱ ተሰበሰቡ።

«ማን ይምራን?» አለ ድኩላ።

«አንበሳ ይምራን» አለች ቆቅ።

«አንበሳ መንገድ ላይ ከራበው ማንን ሊበላ ነው?» አለች ጃርት።

ቆቅ ወደራሷ ሥጋ አየች።

ያን ጊዜ ከወደ ኋላ፣ «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እመት ኤሊ ናት። ሁሉም ዞረ።

«እርስዎ? ከተማ? በየትኛው እግርዎ?» አለ ድኩላ።

«በእግሬ አይደለም ልጄ። አንድ ነጋዴ የአህያው ጭነት ወደ አንድ ጎን አዘነበለበት። ማመጣጠኛ ድንጋይ ሲፈልግ እኔን አገኘ። አንስቶ ጫነኝ። እኔም አንገቴን ሰብስቤ ዝም አልኩ። ስድስት ጊዜ ከተማ ሄጄ ስድስት ጊዜ ተመለስኩ። አንድም ቀን ድንጋዩ ኤሊ መሆኑን አላወቀም።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈረሱ። አያ ጭላዳ ግን አልሳቀም።

«እኔ እያለሁ! ይህ ጎፈር እያለ!» አለ። «ድንጋይ ሆና የሄደች ልትመራን?»

«እንሂድ እንጂ» አለች እመት ኤሊ፤ «መንገዱ የሁላችን ነው።»

ከዚያም አፈሩን በእግሯ አስተካክላ ጠጠር ደረደረች። አንዱ ጠጠር አንድ ማደሪያ ነው።

«መጀመሪያ ውርጩ አገር ነው። እዚያ ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል ሥር፣ ሁላችን ተጠጋግተን እናድራለን። ተለይቶ የተኛ ጠዋት አይነሳም። በሁለተኛው ቀን ቀርከሃው ነው። የጉሬዛዎች አገር ነው። ከነሱ መንገድ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ ይቀድማል፤ ሰላምታቸውም ረጅም ነው፤ ታገሡ። በሦስተኛው ቀን የሰው ማሳ አለ። በድንበሩ እንጂ በእህሉ መሃል አንሄድም። በአራተኛው ቀን ቆላ እንወርዳለን። ወንዙን ፀሐይ ሳትበረታ እንሻገራለን። ከተማውን ከዳገቱ ላይ ታዩታላችሁ። ገበያው ሲበተን እንገባለን፤ ቀድመን ከገባን ዱላ ነው የሚጠብቀን።»

«መንታ መንገድስ?» አለ ድኩላ።

«ሦስት አለ። ከሁሉም የሚከፋው ከወንዙ በላይ ያለው ነው። ቀኙ ወደ መሻገሪያው ይወስዳል። ግራው ጠባብ ነው፤ መጨረሻው የነብር ዋሻ ነው። የነጋዴው አንዲት በቅሎ እዚያ ቀርታለች። ስለዚህ እንደ ወጉ ነው። ፊት የሚሄዱት በማይኬድበት መንገድ ላይ እርጥብ ቅጠል ይጥላሉ። ከኋላ ያለው ቅጠሉን አይቶ ሌላውን ይይዛል።»

ይህንን ወግ የማያውቅ አልነበረም። በዚያ አገር የተጣለ ቅጠል የሚያነሳ የለም። ቅጠል ማንሳት ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ እንደ መትፋት ነበር።

«ፊት ማን ይሂድ?» አሉ።

«እግረ ፈጣኖቹ ድኩላና ጭላዳ ይሂዱ። ቅጠሉን እነሱ ይጣሉ። መካከል እናቶች ከነልጆቻቸው። እኔና እትዬ ጃርት ከኋላ እንመጣለን።»

«መሪ ከኋላ ይሄዳል?» አለ አያ ጭላዳ።

«ከኋላ የሚሄድ የቀረውን ያያል» አለች።

«ብልህ ናት!» አለች የአያ ጭላዳ ሚስት። ይህ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ፍም ተቀመጠ። የገዛ ሚስቱ፣ እሱ ፊት፣ ኤሊን! ቤቱ ሲገባ ጎፈሩን አላበጠረም። «ቅጠል ጣይ አደረገችኝ» እያለ ሲያጉረመርም ዋለ።

ጉዞው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጅብራ ሥር ተጠጋግተው አደሩ። አያ ጭላዳ «እኔ ጎፈር አለኝ» ብሎ ተለይቶ ተኛ። ጠዋት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ከቅንድቡ ላይ በረዶ እያራገፈ መጣ።

«እመት ኤሊ ባትነግረን አልቀን ነበር» አለች ቆቅ።

«እኔ እያለሁ!» አለ ጭላዳ። «ይህ ጎፈር እያለ!»

«ጎፈሩማ አለ፤ ጥርስህን ግን ያዘው፤ ሊረግፍ ነው» አለች ጃርት።

በሁለተኛው ቀን ቀርከሃው ጋ ደረሱ። ጭላዳ ከድኩላ ቀድሞ ሮጠ። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እናንተ! መንገዱ በየት ነው?» አላቸው።

ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን አንድ ላይ ገለበጡና ጀርባቸውን ሰጡት። ቢጮህ፣ ደረቱን ቢመታ፣ አንዱም አልዞረ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆመ። ኋላ እመት ኤሊ ደረሰች።

«እንዴት ዋላችሁ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ዝናቡስ ደጉን አመጣላችሁ? ቅጠሉ ለመለመ?» አለች።

«ይመስገን! እርስዎስ? አገሩስ? ጉልበትዎስ?» አሉ ጉሬዛዎቹ።

የሰላምታው ርዝመት አንድ ጉብታ ያስወጣ ነበር። ሲያልቅ ጉሬዛዎቹ ወርደው መንገዱን አሳዩ፤ ለልጆቹም የዛፍ ፍሬ ጣሉላቸው። ሚጢጢ አንዷን ፍሬ ይዛ ሮጠች። አያ ጭላዳ እጁን ዘረጋ። ለእሱ የምታመጣ መስሎት ነው። እሷ አልፋው ሄዳ ፍሬዋን እመት ኤሊ አፍ ውስጥ ከተተቻት።

የተዘረጋውን እጁን ምን ያድርገው? ጎፈሩን አከከበት።

«አባዬ፣ ነገ እመት ኤሊ ጀርባ ላይ ልሂድ? ደክሞኛል» አለች ሚጢጢ።

«የጭላዳ ልጅ በድንጋይ ላይ አትሳፈርም!» አለ።

«ድንጋይ አይደለችም፤ ተረት ትነግረኛለች።»

«እኔስ? እኔ ተረት አላውቅም?»

«አንተ ስላንተ ብቻ ነው የምትነግረኝ።»

እናቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ያ ሳቅ ለጭላዳ ከውርጩ ባሰበት።

በሦስተኛው ቀን ማሳውን በድንበር በድንበሩ አለፉ። ገበሬው አያቸውና ወንጭፉን መልሶ ከትከሻው ላይ ሰቀለ። «እህሌን ካልነካችሁ እግዜር ይምራችሁ» አላቸው። እንስሳቱ ሁሉ፣ «እመት ኤሊ! እመት ኤሊ!» አሉ። አያ ጭላዳ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ጭላዳና ድኩላ ከሁሉም በፊት ተነሥተው ሄዱ። ከወንዙ በላይ ያለው መንታ መንገድ ጋ ደረሱ። ጭላዳ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጦ በግራው መንገድ ላይ ጣለ፤ እንደ ወጉ። ወንዙም ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ እናቶቹ ቅጠሉን አይተው በቀኙ መንገድ እየተንጫጩ ደረሱ። ለጭላዳ የቀሩት እመት ኤሊና ጃርት ብቻ መሰሉት።

«አሁን እሷ እስክትደርስ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው?» አለ ጭላዳ።

«አዎ። መሻገሪያውን የምታውቀው እሷ ናት» አለ ድኩላ።

«እኔ እያለሁ!»

«አያ ጭላዳ፣ አንተ እያለህማ ጉሬዛ ጀርባውን ሰጠን» አለች ቆቅ። ሁሉም ሳቁ።

ጭላዳ ተነሣ። «እግሬን እሾህ ወግቶኛል፤ ወደ ጥላው ሄጄ ልንቀለው» አለ። ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣ። መንታው ጋ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ማንም የለም።

«ምን ትሆናለች?» አለ ለራሱ። «ነብሩ አርጅቶ ሞቶ ይሆናል። ባይሞትስ? ጃርት እሾህ አላት። ኤሊ ድንጋይ አላት። ትንሽ ትፍራ። ትዘግይ። ትፈር። ያን ጊዜ ማን መሪ እንደሆነ ያውቃሉ።»

ቅጠሉን ከግራው አነሣና በቀኙ ላይ ጣለው። እጁን በጎፈሩ ጠርጎ ወረደ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ሚስቱ ውሃ ትጠጣለች። ብቻዋን ናት።

«ሚጢጢስ?» አላት።

«አትቆጣ።»

«ሚጢጢስ የታለች?»

«አትቆጣ ብዬሃለሁ እኮ። ጠዋት እግሬን አመመኝ ብላ አለቀሰች። እመት ኤሊ ጀርባ ላይ አስቀመጥኳት። ‹ለአባዬ እንዳትነግሪው› አለችኝ። አሁን ይደርሳሉ።»

የጭላዳ እጅ ደረቱ ላይ ቀረ። አልመታውም። ዞሮ ሮጠ።

«ምን ሆንክ?» አለ ድኩላ። «ቅጠሉን ጥለሃል አይደለም እንዴ?»

«ጥያለሁ!»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

ድኩላም አንድ ነገር ጠርጥሮ ተከተለው።

መንታው ጋ ሲደርሱ የእመት ኤሊ ዱካ ወደ ግራ ገብቷል። አጠገቡ የጃርት ዱካ አለ። የሚጢጢ ዱካ የለም፤ በእግሯ አልሄደችማ። ድኩላ በቀኙ መንገድ ላይ የተጋደመውን ቅጠል አየ። ጭላዳንም አየ። ሁለቱም በግራው ገቡ።

ጠባቡ መንገድ ጫፍ ላይ ነብሩ ነበረ። አልሞተም፤ አላረጀም። ጃርት እሾኋን አቁማ ከዓለቱ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ነብሩ ግን እሷን ትቷታል። ዓለቱ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች፤ ስንጥቋን አንድ ክብ ድንጋይ ደፍኗታል። ነብሩ ድንጋዩን በጥፍሩ ይቧጭራል፤ በጥርሱ ይነክሳል፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ከድንጋዩ ኋላ ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ! አባዬ!»

ድንጋዩ እመት ኤሊ ናት። ልጅቷን ስንጥቁ ውስጥ ከትታ፣ አራት እግሯን ቀርቅራ፣ ጀርባዋን ለነብር ሰጥታለች።

ጭላዳ «እኔ እያለሁ!» ማለት ረሳ። ጎፈሩንም ረሳ። ዘልሎ ነብሩ ፊት ላይ ወደቀ። ነብሩ በአንድ እጁ ያዘውና ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ሞሸለቀው። ወርቁ ጎፈር ከነቆዳው ወጣ። ድኩላ በቀንዱ ከጎን ገባ፤ ጃርት በጀርባዋ ዞራ እሾኋን የነብሩ እግር ውስጥ ሰካች። ነብሩ እያነከሰ ገደሉን ወረደ። የጭላዳ ጎፈር በጥፍሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

እመት ኤሊ ከስንጥቋ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ያሉት መስመሮች ያን ቀን የተቧጨሩ ናቸው ይባላል። ሚጢጢ ሮጣ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። ደሙን አይታ ለቀቀችው።

«አባዬ፣ ቅጠሉ ተሳስቶ ነው እኮ። እኛ አላጠፋንም» አለች።

ድኩላ ጭላዳን አየው። ጃርትም አየችው። ጭላዳ መሬት መሬት አየ።

«ቅጠሉ አልተሳሳተም» አለ። «እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

የጃርት እሾህ እንደገና ቆመ።

«እመት ኤሊ» አለ ድኩላ፣ «የእናቶቹ ዱካ እኮ በቀኙ መንገድ ላይ ነበር። ከቅጠሉ ሥር ይታያል። አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ» አለች። «ዱካው በቀኝ ነው፤ ቅጠሉም በቀኝ ነው። ቆሜ አሰብኩ። ግን ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ቅጠል የሚያዞር እንስሳ አላየሁም። ቅጠሉን ከምጠረጥር የገዛ ዓይኔን ጠረጠርኩ።»

ይህን ስትል ጭላዳ አለቀሰ። ነብር ሲሞሸልቀው አላለቀሰም ነበር።

ወንዙ ዳር ሸንጎ ሆነ። «ይባረር» አለች ቆቅ። «ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይሂድ» አሉ እናቶቹ። ሚስቱ ሚጢጢን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እመት ኤሊ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ድኩላ።

«ምን ብዬ እፈርዳለሁ?» አለች። «ብታባርሩት ቅጠሉን ማን ይጥላል? አዲስ ቅጠል ጣይ ብንሾም ሊያዞር ይችላል። ይህኛው ግን ከእንግዲህ አያዞርም። ደረቱን እዩት።»

አዩት። ከዚያ ወዲያ «ይባረር» ያለ አልነበረም።

«እንሂድ» አለች እመት ኤሊ፤ «መንገዱ የሁላችን ነው።»

ወንዙን ተሻገሩ። ከተማውን ከዳገቱ ላይ አዩት፤ የማያውቁት ልብስና የማያውቁት ቋንቋ ገበያውን ሞልቶታል። ሲበተን ገቡ። መሬቱ ላይ የረገፈውን አሞሌ ላሱ፤ የሚችሉትን ያህል በጉንጫቸው ቋጠሩ። ክረምቱ ሳይገባ ተመለሱ። የእናቶች ጡት ሞላ፤ ሚጢጢም መዝለል ጀመረች።

የጭላዳ ደረት ግን ጎፈር አላበቀለም። እስከ ዛሬ ባዶ ነው። አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሚጢጢ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ያምሃል?»

«አያመኝም። ሌላ ሲመሰገን ስሰማ ግን እንደ ደም ይቀላል።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«በእጄ እሸፍነዋለሁ።»

ስለዚህ እንዲህ ይባላል፦ ለባልንጀራው መንገድ ያዞረ፣ ልጁን ፍለጋ ገደል አደረ።

«ተረቴ አገሯ ገባች፤ የሰማችሁም በደህና ግቡ።»

ወለላ ትንሽ መንገድ እጄን ይዛ ሄደች። ከዚያ፣ «ያን ቀን ጭላዳው ወንዙን ወዲያው ተሻገረ?» አለችኝ።

ይህን ውድነሽም አባቷን ጠይቃቸው ነበር አሉ። እሳቸው የመለሱትን መለስኩላት። አልተሻገረም። ሁሉም ሲሻገሩ እሱ ደሙ እየተንጠባጠበ ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። ከኋላ የሚመጣ ሌላ መንገደኛ ይኖራልና ቅጠሉን ከቀኙ አንሥቶ ወደ ግራው መለሰው። ያን ቀን መጨረሻ ያደረገው እሱን ነው።

ከቤታችን በታች መንታ መንገድ አለ። ግራው ወደ ድንጋይ መፍለጫው ጉድጓድ ይወስዳል። አማቴ፣ የውድነሽ አባት፣ ከሩቅ አገር ለሰማንያው የመጡ ናቸው፤ መንገዱን አያውቁትም፤ ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው ከኋላ ቀርተው ነበር። የአክስቷ ልጆች ከነእናታቸው ቀድመውን አልፈዋል። ወለላ እነሱን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። የብሳና ቅርንጫፍ ቆረጥኩና በግራው መንገድ ላይ ጣልኩት።